የመስተዋት ሣጥን አደራ

ደባርቅ፣ መስከረም 29 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለመሪጌታ ወልደኢየሱስ፣ ጎንደር፣ ቀሐ ዳር።

አባቴ፣ እንዴት ከረሙ? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? አክስቴ እትዬ ወለተሩፋኤልስ ደህና ናት? እኔ በሰላም ደርሻለሁ። የተዛወርኩበት ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ብቻ ነው። ልጆቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ይማራሉ፤ እኔም ካፖርቴን ሳላወልቅ አስተምራለሁ። አንዳንድ ጠዋት ደጅ ባደረ ባልዲ ላይ ስስ በረዶ ተጋግሮ አገኛለሁ።

ይህን የምጽፈው ብርዱን ለማማረር አይደለም። በአያ የሻው ማኪና በላኩልኝ ደብዳቤ «ምነው አሣዎችህን ይዘህ አልሄድክም? እኔ የደብር መሪጌታ ነኝ ወይስ የአሣ እረኛ?» ብለው ተቆጥተውኛል። መልሱ ይኸው ባልዲው ላይ ያለው በረዶ ነው። እነሱ የመገጭ ውኃ ልጆች ናቸው፤ ፀሐይ ለምደዋል። እዚህ ባመጣቸው ውለው አያድሩም።

ሳልነግርዎ ትቻቸው በመሄዴ ግን ይቅር ይበሉኝ። ብነግርዎ እምቢ እንደሚሉኝ አውቄ ነው። ያንን ሣጥን ስሠራ አይተውኛል። መስተዋቱን ከፈረሰው የጣሊያን ሱቅ ለቅሜ፣ ብረቱን አስበይጄ፣ መጋጠሚያውን በስቱኮ ስደፍን፣ እያፈሰሰብኝ እንደገና ስደፍን ክረምቱን ጨረስኩ። አሣዎቹንም በወንፊት አንድ በአንድ ያወጣኋቸው ጭኔ ድረስ ውኃ ውስጥ ቆሜ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቼ ዙሪያውን ከብበው ሲጠይቁኝ የነበረውን ያህል መምህር ሆኜ አላውቅም።

አደራ የምልዎ ጥቂት ነው። ውኃውን በየሳምንቱ ሲሶውን ብቻ ይቀይሩላቸው። ከቀሐ ወንዝ የተቀዳ ይሁን፤ ሳሙና የነካው ዕቃ አይንካው። እንጀራ አይስጧቸው፣ ውኃው ይሸታል። ከጓሮ የተቆፈረ ትል ተቆራርጦ ይበቃቸዋል። ሰፋፊዎቹና ጠቆር ያሉት ሁለቱ ቆሮሶ ይባላሉ፤ ጢማሙ አምባዛ ነው፤ ብር የሚመስሉትን ትንንሾች ስማቸውን እኔም አላውቅ። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ መጥቼ እረከባቸዋለሁ።

ቡራኬዎ አይለየኝ።

ልጅዎ ሐዲስ

ጎንደር፣ ጥቅምት ፳፭ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለልጄ ለሐዲስ።

ያ የሰሜን ብርድ ደረትህን እንዳይመታህ አምላከ አበው ይጠብቅህ። እኔም አክስትህም በሕይወት አለን።

ሁለተኛው ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ ጤናዬ በአንድ መስመር ጠይቀህ ስለ አሣዎቹ ገጽ ሙሉ ጽፈሃል። እንግዲያስ እኔም ስለ እነሱ ገጽ ሙሉ ልመልስልህ።

ይበላሉ ወይ ብለሃል። ይበላሉ። የምቆፍርላቸው እኔ ነኝ። ዕድሜውን ሙሉ መቋሚያና ጸናጽል የያዘ እጅ አሁን በጓሮ ትል ይለቅማል። አክስትህ መጀመሪያ ሣጥኑ ካለበት ክፍል አልገባም ብላ ነበር። «ዓይናቸው አይከደንም፤ የማይተኛ ነገር ሸጋ አይደለም» አለችኝ። «ዳዊት ስደግም አንቺ ታንቀላፊያለሽ፤ እነሱ ግን ዓይናቸውን ገልጠው ያዳምጣሉ» አልኳት። ስቃ ገባች።

ያ ጢማሙ አምባዛህ ግን ሌባ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ከብርማዎቹ አንዱን ውጦ፣ ጅራቱ ገና ከአፉ ወጥቶ ሲወራጭ ደረስኩበት። በቤቴ እንዲህ ያለ ነገር አላይም ብዬ አውጥቼ በርሜል ውስጥ ለብቻው አስሬዋለሁ። አጥፍቼ እንደሆነ ጻፍልኝ።

ሰው ይመጣል ወይ ላልከኝም፣ ቅዳሜ ተማሪዎችህ ይመጣሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ። ታየች፣ ያቺ ስንት ዘመን ተስላ ያረገዘችው ጎረቤታችን፣ ትናንት መጥታ ብዙ ቆመች። አንዱ ቆሮሶ ጣቷን ተከትሎ ወዲህ ወዲያ ሲል እንደ ልጅ ሳቀች። አክስትህ «እርጉዝ ሆነሽ ምን ያስፈጥጥሻል?» ብላ እጇን ስትጎትታት ተቆጣኋት። ሰው ፍጥረት አይቶ ቢደሰት ምን ነውር አለው?

ይልቅ ያንተን ንገረኝ። ማን ነው የሚያበስልልህ? ከማንስ ጋር ትጫወታለህ? አሣ ጠይቀህ ብቻ ደብዳቤ አትዝጋ።

አባትህ ወልደኢየሱስ

ደባርቅ፣ ጥር 24 ቀን 1949 ዓ.ም.

ውድ አባቴ፣

የዚህ አገር ሰው በዓሉን ጨርሶ ወደ ሥራው ተመልሷል፤ እኔም ከልጆቼ ጋር ገባሁ። በጤና ነኝ። ምግቤን ለጠየቁኝ፣ ግራዝማች ዳኛው የሚባሉ የዚህ አገር ባላባት ከጓሯቸው አንድ ቤት ሰጥተውኛል፤ ራቴንም ከገበታቸው እበላለሁ። አምሳል የምትባል ልጅ አለቻቸው፤ ማንበብ ትወዳለች። ሌላ ምንም የለም።

የታኅሣሡ ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። የታየችን ሕፃን ሞቶ መወለድ በአንድ መስመር ነግረውኝ አለፉ። እግዚአብሔር ያጽናት። በዚያው መስመር ሥር «አሣዎቹን ወደ ወንዛቸው ብመልሳቸው ምን ይሰማሃል?» ብለው ጠይቀውኛል። ለምን እንደሆነ ግን አልጻፉም። ትል መቆፈሩ ሰልችቶዎት ነው? ውኃ መቅዳቱ እትዬን ከብዷት ነው? እባክዎ አባቴ፣ አይልቀቋቸው። ከዚያ ቤት የእኔ የምለው እነሱ ብቻ ናቸው። ሌላ ነገር አደራ ብዬዎት አላውቅም፤ ይህን ግን አደራ፣ በእናቴ አጥንት ይዤዎታለሁ። እስከ ሰኔ ብቻ።

ደግሞ አያ የሻው አንድ ነገር ነገረኝ፤ አላመንኩትም። በጥምቀት ከካህናቱ ጋር አልነበሩም፣ ካባም አልለበሱም፣ በተራ ጋቢ ከሕዝቡ መሐል ቆመው አየኋቸው አለኝ። ምነው አባቴ? ታመው ነው? የእርስዎ ድምፅ የሌለበት ጥምቀት እንዴት ያለ ነው?

ቶሎ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሐዲስ

ጎንደር፣ የካቲት ፲፱ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓመተ ምሕረት

ልጄ ሐዲስ፣ ጾሙን በጤና ያስፈጽምህ።

ስለ ጥምቀት ለጠየቅኸኝ፣ ጉልበቴ ነው። እያዜሙ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ መውረድ የወጣት ሥራ ነው። አያ የሻውም ማኪናውን ይንዳ እንጂ የማን ካባ የት እንዳለ አይጠይቅ።

በእናትህ አጥንት ይዘኸኛል። እንግዲህ ስለ መልቀቅ ዳግመኛ አልጠይቅህም።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ከቆሮሶዎችህ አንዱ መብላት አቆመ። የሚወደውን ወፍራም ትል መርጬ ብጥልለት ዞር ብሎ አያይም። ጉሮሮው አብጧል፣ አፉን ገጥሞ ጥግ ላይ ይቆማል። ሊሞት ነው ብዬ ሐዘን ገባኝ። ምን ብዬ እጽፍልሃለሁ እያልኩ ሰነበትኩ። አክስትህ ጠበል እናድርግለት እስከ ማለት ደረሰች፤ ያቺ አልገባም ያለች ሴት!

አንድ ቀን ጠዋት ዳዊቴን አጥፌ ቀና ስል አፉን ከፈተ። ከአፉ የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ፣ ዓይን ብቻ የሆኑ ልጆች ወጡ፤ ደመና ይመስላሉ። ወንድ ያልኩት ቆሮሶ ለካ ሴት ናት! ልጆቿን አፏ ውስጥ ይዛ ነው ይህን ሁሉ ጊዜ ጦሟን የከረመችው። አክስትህን ጠራሁ። ስትሮጥ መጥታ ጥላዋ መስተዋቱ ላይ ሲያርፍ እናቲቱ አፏን ከፈተች፤ ሁሉም ተመልሰው ገቡባት። እኔ ስንት መጻሕፍት ገልብጫለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን ቀኑ መሸብን።

አሁን ከክፍሉ ብዙ አልወጣም። ሰው መምጣቱንም ቀንሷል፤ ጸጥታው ተስማምቶኛል። ተማሪዎችህም አይመጡም፤ ፈተና ይሆናል። ትንንሾቹን የሚያይ ሰው ግን ባገኝ ደስ ባለኝ። ሰኔ ላይ ስትመጣ አድገው ታገኛቸዋለህ።

የጻፍካትን ልጅ ስም ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «ሌላ ምንም የለም» ያልከውን ግን አላመንኩህም።

አባትህ

ደባርቅ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1949 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ አባቴ፣

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰዎ። አባቴ፣ ልክ ነበሩ። ሌላ ነገር አለ።

ግራዝማች ዳኛው አምሳልን ሊድሩልኝ ፈቅደዋል። ሠርጉ ግንቦት 18 ቀን ነው። ሽማግሌ ሳላስልክዎ፣ ሳላማክርዎ ነገሩ በመፍጠኑ አፍሬያለሁ፤ እዚህ ያሉ ሰዎች አፋጠኑት። እባክዎ ካባዎን ለብሰው፣ ከደብሩ ሁለት ሦስት ሊቃውንት አስከትለው ይምጡልኝ። አማቼ «የትልቅ ደብር መሪጌታ ልጅ ነው» እያሉ ለሰው ሁሉ ነግረዋል። አያ የሻው ከበር ያነሳዎታል።

ሰኔ ላይ ግን ወደ ጎንደር አልመጣም። ግራዝማች ከርስታቸው ከፍለው ቤት ሊሠሩልን ነው፤ ክረምቱን ሥራው ላይ መቆም አለብኝ።

ስለ አሣዎቹ በመጨረሻው ደብዳቤዎ ብዙ ጽፈውልኛል። እነሱን ይተዋቸው አባቴ። የሚፈልግ ሰው ካለ ይስጡ፤ ከሌለም ይድፏቸው። ሣጥኑን እትዬ ለእህል ታድርገው። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ሣጥኑ አንዳንድ ወሬ እዚህም ደርሶ ግራዝማች ጠይቀውኝ ነበር። እንደሚሆን አድርጌ መልሼላቸዋለሁ፤ ነገሩ አልፏል። ከሠርጉ በፊት ቤት ውስጥ ባይኖር ግን ይሻላል። የልጅነት ነገር ነበር።

ካባዎን አይርሱ።

ልጅዎ ሐዲስ

ጎንደር፣ ግንቦት ፰ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓመተ ምሕረት

ለሐዲስ ወልደኢየሱስ።

ሠርግህን እግዚአብሔር ያሳምርልህ። እኔ አልመጣም። ለምን እንደሆነ አንድም ሳላስቀር እጽፍልሃለሁ፤ እስከ ዛሬ ስለደበቅሁህ አሁን አልደብቅህም።

ካባ የለኝም። ለደብሩ መልሻለሁ። መሪጌታም አይደለሁም።

የታየች ሕፃን ሞቶ ሲወለድ፣ ያዘነ ሰው የሚጥልበት ይፈልጋልና፣ ከመሪጌታ ቤት ያለው ዓይኑ የማይከደን ነገር ነው ልጄን የበላብኝ አለች። እሷ አንድ ቃል ተናገረች፤ ሰፈሩ ሺህ አደረገው። ወልደኢየሱስ በመስተዋት ውስጥ ዛር ያስቀምጣል፣ ትል ይገብርለታል፣ ዳዊት የሚደግመውም ለሱ ነው ተባለ። አለቃችን ከገና በፊት ጠሩኝ። «መሪጌታ፣ እኔ አላምነውም» አሉኝ፤ «ግን ሕዝቡ ካንተ ጋር አላስቀድስም ብሏል። ሣጥኑን ወደ ቅጽሩ አምጣና ሁሉም እያየ ድፋው። ነገሩ በዚያ ያልቃል።»

«የኔ አይደሉም፤ የልጄ አደራ ናቸው። ልጠይቀው» አልኩ።

ጠየቅሁህ። ለምን እንደሆነ ያልጻፍኩልህ፣ ብጽፍልህ ስለ እኔ ብለህ እሺ እንደምትል ስለማውቅ ነው። በሩቅ አገር ብቻህን ነህ፤ ያለህን አንድ ነገር በግድ ላስጥልህ አልፈለግሁም። መልስህን እየጠበቅሁ ጥምቀትን ከሕዝቡ መሐል ቆሜ አሳለፍኩ። መልስህ ሲመጣ በእናትህ አጥንት ይዘኸኝ ነበር። ወደ አለቃ ሄጄ እምቢ አልኩ። ካባዬን አስቀመጥኩ። የዚያን ዕለት በቦታዬ ሌላ ተሾመ። ከሹመቱ ይልቅ የጎዳኝ፣ ፊደል ያስቆጠርኳቸው ልጆች መንገድ ላይ ሲያዩኝ ወደ ማዶ መሻገራቸው ነው።

ይህን ሁሉ ችዬው ነበር። አደራ ነው እያልኩ ችዬው ነበር። ትንንሾቹም ሲያድጉ አያለሁ፣ ሰኔ ይመጣል እል ነበር።

«ይድፏቸው» ስትለኝ አልተቆጣሁም። ይልቅ ሸክም የወረደልኝ መሰለኝ። ልጅ ልቡ ይለወጣል፤ አግብቶ ቤት ይሠራል፣ የድሮውን ይተዋል፤ እንዲህ ነው አልኩ። መድፋቱን ግን እጄ እምቢ አለ። አያ የሻውን ለመንኩት። አሣዎቹን በሁለት ጀሪካን አድርገን፣ አምባዛውን በበርሜሉ፣ ከአክስትህ ጋር በማኪናው ወደ መገጭ ወረድን። ካወጣሃቸው ቦታ፣ ከድልድዩ በታች። ቆሮሶዋ መጀመሪያ ከእጄ አልሄድ ብላ ጣቴ ሥር ቆማ ነበር። አክስትህ አለቀሰች። «ለአሣ ይለቀሳል ወይ?» ብዬ ልስቅባት ስል፣ አያ የሻው ከኋላዬ፦

«መሪጌታ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ሆዴ አልችል አለ» አለኝ።

«ምን ሆነሃል?»

«በልጅዎ ማጫ ዕለት ከግራዝማች ቤት ነበርኩ። ሰው በተሰበሰበበት 'ያ ጎንደር ውስጥ ዛር በመስተዋት ያስቀምጣል የሚባለው መሪጌታ ያንተ አባት ነው ወይ?' ብለው ጠየቁት።»

«ታዲያ ምን አለ?»

አያ የሻው ወደ ውኃው አየ። «'አባቴ ካረጀ ወዲህ ያመጣው አመል ነው፤ እኔ ልጅ ሆኜ እንዲህ ያለ ነገር ቤታችን አልነበረም። ብዙ ጊዜ ጣለው ብዬ ለምኜዋለሁ' አለ።»

በእጄ የቀረውን ጀሪካን ቀስ ብዬ አጋደልኩ፤ ትንንሾቹ እናታቸውን ተከትለው ሄዱ። አክስትህ ግን ሰምታ ኖሮ ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈችና «ይህን የተናገረው ሐዲስ አይደለም፤ ሌላ ሐዲስ ይሆናል» አለች። እስከ ዛሬ እንዲሁ ትላለች። እኔ ነኝ እንዳትላት።

እንግዲህ ሠርግህ ላይ አርጅቶ አመል ያመጣ አባት ምን ይሠራል? በካባም ቢሆን ያለ ካባም ቢሆን የተናገርከውን ሐሰት ያደርግብሃል። ስለዚህ ታሟል በል። ይህን አንድ ውሸት እኔው ፈቅጄልሃለሁ።

ወልደኢየሱስ

ኮሶዬ፣ ኅዳር ፮ ቀን ፲፱፻፶ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለሐዲስ።

ከሠርግህ ወዲህ የጻፍካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ ደርሰውኛል። ሳልመልስልህ የቆየሁት ንቄህ አይደለም፤ ብዕር ሳነሣ የሚመጣብኝን ቃል ፈርቼ ነው።

የት ነዎት ብለሃል። ጎንደርን ለቅቄአለሁ። ኮሶዬ ያለው የአጎቴ ልጅ ከቤቱ አጠገብ ጎጆ ሰጥቶኝ ከአክስትህ ጋር ገብቻለሁ። የገበሬ ልጆች ዜማ አስተምራለሁ። ድምፃቸው ሸጋ ነው፤ ስለ እኔ የሰሙት ነገር የለም። ዛሬ ቁስቋም ናት፤ ሰው ሁሉ ሊያነግሥ ወደ ጎንደር ወርዷል። እኔ ቀረሁ።

ወደ አለቃ ጽፈህ አሣዎቹ የራስህ እንደነበሩ መመስከርህን ሰምቻለሁ። አለቃም ሰው ልከውብኝ ነበር። «ተመለስ፤ ከአዲሱ መሪጌታ በታች ትቆማለህ» አሉኝ። እምቢ ማለቴን ለምን ብለህ ጠይቀኸኛል። ይህን ምስክርነት ግራዝማች ፊት ብትሰጠው ኖሮ ደባርቅ ድረስ በእግሬ በመጣሁ ነበር። ጎንደር ላይ ብትመሰክርማ ምን ያሳጣሃል? አንተ የምትኖረው እዚያ አይደለም።

ታየች ግን መጥታ ነበር። ከጎንደር ለመውጣት ዕቃ ስናስር ደጁ ላይ ወድቃ አገኘኋት። «መሪጌታ፣ ሐዘን አፌን ከፍቶት ነው» አለችኝ። አነሣኋት። አብረን አለቀስን። እሷ ልጇን፣ እኔም ልጄን።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ብለሃል። ይቅር ብያለሁ። ክርስቲያን ነኝና ግዴታዬ ነው፤ አባታችን ሆይን ስደግም ስምህን አልዘልም። የዘነጋሁት ግን አይምሰልህ። አያ የሻው የነገረኝን ቃል ዜማ ሳስተምር ጭምር እሰማዋለሁ።

አምሳል መክበዷን ጽፈሃል። ይህን ባነበብኩበት ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ ተኛሁ። በሰላም ትገላገል። እሷ ምንም አልበደለችኝም፤ ምራቱ ልትወልድ መሆኑን ሰምቶ እንደሚደሰት አማት መደሰቴን ንገራት። ሕፃኑን ክርስትና ሲያነሱት ግን ስሜን አትስጠው፤ ሲጠሩት ቀና የምትል አይመስለኝም።

እናንተ ዘንድ ልምጣ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ከደባርቅ ወደ ጎንደር የሚወርደው ማኪና እዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ ሲበላ ከጎጆዬ ደጃፍ ሆኜ አያለሁ። ባለፈው ወር ካፖርትህን ለብሰህ ስትወርድ አይቼሃለሁ። ዙሪያህን ታይ ነበር፤ ቤቴን የምትፈልግ መሰለኝ። አክስትህ ልጥራው አለች። ከለከልኳት።

ለጊዜው አትምጣ። ብትመጣ ፊቴን አዙሬ እንዳላሳፍርህ እፈራለሁ። ስታልፍ ግን ወደ ቀኝ፣ ከባሕር ዛፎቹ በታች፣ ወደ ጎጆዋ ተመልከት። ልቤ የቻለ ቀን ራሴው መንገድ ዳር ወጥቼ እቆማለሁ። ቆሜ ካላየኸኝ ከማኪናው አትውረድ።

አባትህ